ኦዲተር ምስክር ነው፤ ምስክርነትም አማና ነው



አማና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጎረቤት ያስቀመጠብንን ገንዘብ ወይም የነጋዴውን ሚዛን ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የምፈልገው በቢሮ ውስጥ በአንድ ፊርማና ማኅተም የሚጠበቅ ወይም የሚጠፋ አማናን ነው። ይኸውም የኦዲተር ፊርማ ነው።

ኦዲተር ማነው? የአንድን ድርጅት መዝገብ መርምሮ የሒሳብ መግለጫው እውነተኛውን አቋም ያሳያል ወይም አያሳይም ብሎ ለባለአክሲዮኖች፣ ለአበዳሪዎችና ለመንግሥት ቃሉን የሚሰጥ ሰው ነው። መዝገቡን ያላየ ሁሉ ይህን ቃል አምኖ ገንዘቡን ያወጣል። እንግዲህ ይህ ሰው ምስክር ካልሆነ ምስክር ማን ሊሆን ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ ምእመናን በራሳቸውና በወላጆቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን፣ ባለጉዳዩ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ በፍትሕ እንዲመሰክሩ አዟል። በሱረቱ አል-በቀራህ 283ኛው አንቀጽ ደግሞ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑ ተነግሯል።

ችግሩ ኦዲተሩ ክፍያውን የሚያገኘው ከሚመሰክርበት ድርጅት መሆኑ ነው። ለሠራበት ዋጋ መቀበሉ ነውር የለበትም። ነገር ግን በክፍያው ላይ ሌላ ጥቅም ሲጨመርበት ዓይኑ እያየ አፉ ይያዛል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከበኒ ሱለይም ዘካ እንዲሰበስብ አንድ ሰው ላኩ። ሰውየው ሲመለስ ከፊሉን አስረክቦ ከፊሉን ግን በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። እርሳቸውም ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን? የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ሰውየው ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም የሚል አልነበረም። ስጦታው ለምን መጣ የሚል ነው። የኦዲተርም ነፃነት የሚለካው በዚሁ ነው። ይህ የምክር አገልግሎት ሥራ፣ ይህ የዘመድ ቅጥር፣ ኦዲተር ባይሆን ኖሮ ይመጣለት ነበርን?

ይህ መለኪያ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል በአሜሪካ ታይቷል። ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 አርተር አንደርሰን ለተባለው የኦዲት ድርጅት ለኦዲት 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለምክርና ለሌሎች ሥራዎች ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ከምስክርነቱ ይልቅ ጭማሪው በለጠ ማለት ነው! ኤንሮን ዕዳውን ከመዝገቡ ውጭ ሲደብቅ ቆይቶ በዲሴምበር 2001 ኪሳራ አወጀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸውንም የጡረታ ቁጠባቸውንም አጡ። አንደርሰንም ሰነድ በማጥፋት ተከስሶ በ2002 ጥፋተኛ ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በ2005 ቢሽረውም፣ 85,000 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት በዚያን ጊዜ ፈርሶ አልቆ ነበር። የጠፋ አመኔታ በይግባኝ አይመለስም።

በእኛ አገር ሕጉ አዲስ አይደለም። ገና የ1952ቱ የንግድ ሕግ የዳይሬክተሮችን ዘመድና ከእነርሱ ለሌላ ሥራ ደመወዝ የሚቀበልን ሰው ኦዲተር ሆኖ እንዳይመረጥ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ ለሙያው ተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲኖረው አድርጓል። ሕግ ግን ልብን አይጠብቅም። በሥራዬ ከማነጋግራቸው ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ኦዲተሮችን "የሚግባባ" እና "የሚያስቸግር" ብለው ለሁለት ሲከፍሏቸው እሰማለሁ። "የሚያስቸግር" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ አምጡ ያለው ነው! በሚቀጥለው ዓመት ይቀየራል። ሱረቱ አል-በቀራህ 282 ላይ ግን ጸሐፊም ሆነ ምስክር እንዳይጎዳ ታዟል። እውነት ስለተናገረ እንጀራውን መንጠቅ ጉዳት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ በመጀመራቸው ብዙዎቻችን ከሪባ ርቀን አክሲዮን ገዝተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና ከሪባ መራቅ ብቻውን አይበቃም። የሒሳቡ ምስክር እውነተኛ መሆኑንም ማረጋገጥ አለብን። ወንድሞችና እህቶች! በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኦዲተር ለመሾም እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ዓመት ሠራ? ሌላ ምን ሥራ ይሠራል? ከቦርዱ ጋር ዝምድና አለውን?

አንተም ኦዲተር የሆንክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ በሱረቱ ያሲን እንደተነገረን አፍ በሚታተምበት በዚያ ቀን የሚናገሩት እጆች ናቸው። የፈረመችውም እጅ ከእነርሱ አንዷ ናት። አላህ እውነትን ለመመስከር ጽናቱን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።