የገዛነው ዕቃ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ዘመዴ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና «ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ምስሉ ግን እየተንቀረፈፈ አስቸገረኝ። የግራፊክስ ካርዱ አምራች ያዘጋጀውን ዝግ ድራይቨር ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቴክኒክ ቢመስልም እኔ ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ውድ አንባብያን! ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ፣ ማንም ሰው ውስጡን አይቶ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ከርነል የተባለው እምብርቱ ነው። የግራፊክስ ድራይቨር ዋነኛ ክፍል የሚገባውም እዚሁ እምብርት ውስጥ ነው። በመሆኑም እርሱ ሲሳሳት አንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን መላው ማሽን ሊቆም ይችላል። ዝግ ድራይቨር ሲገባበት ከርነሉ «ተበክያለሁ» የሚል ምልክት በራሱ ላይ ያኖራል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን ብልሽት የከርነሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ አይመረምሩትም። ያላዩትን እንዴት ያርሙ?

ለመሆኑ ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን የተቀበለ ሰው ዕቃው የሚታዘዝበትን መንገድ ደብቆ ማስቀረቱ ተገቢ ነውን? አምራቾች «ተፎካካሪ ይቀዳብናል» ይላሉ። የድካማቸውን ዋጋ ማግኘታቸውን አልቃወምም። ዳሩ ግን ካርዱ እንዴት እንደተሠራ ሌላ፣ እንዴት እንደሚታዘዝ ሌላ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2007 የካርዶቹን ሰነዶች ለሕዝብ መልቀቅ ጀመረ፤ ዛሬም ካርድ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በአደባባይ አጥብቆ የወቀሰው ኤንቪዲያም ከ10 ዓመት በኋላ ከርነል ውስጥ የሚገባውን የአዳዲስ ካርዶቹን ድራይቨር ክፍል ከፈተ፤ ከከርነሉ ውጭ የሚሠራውን ክፍል ግን ዘግቶ አቆየ። እንግዲህ ለዓመታት «አይሆንም» ሲባል የነበረው የሚሆን ነገር ነበር ማለት ነው።

ለዘመዴ «ሥራህ ካስገደደህ ጫነው» አልኩት። በአንድ ዝግ ድራይቨር የተነሣ ክፍቱን ሲስተም በሙሉ ጥሎ ወደ ዝግ ቢመለስ ጉዳቱ የባሰ ነውና። የተቸገረ ሰው አይወቀስም። ሆኖም አምራቹ ነገ ድጋፉን ቢያቋርጥ፣ ካርዱ አንዳች ሳይጎድለው ከአዲሱ ከርነል ጋር አልሠራም ሊል እንደሚችል አስጠነቀቅኩት። «ሌላ ጊዜ ስትገዛ ቁልፉን አብሮ ከሚሰጥህ ግዛ» ብዬም መከርኩት።

ችግር የፈቀደልንን ነገር ችግሩ ካለፈ በኋላም እንደ ትክክል ከቆጠርነው ግን ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይሆንም፤ የእኛም ነው።