ሃያ አራት መቃወሚያ

ራቢ ዮሐናንና ሬሽ ላኪሽ በ3ኛው መቶ ዓመት በጥብርያዶስ ያስተምሩ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ እንደሚተርከው ሬሽ ላኪሽ በወጣትነቱ ሽፍታ ነበር፤ ዮሐናን መልሶ አስተማረው፣ እህቱንም ዳረለት። አንድ ቀን ስለ መንጻት ሕግ ሲነጋገሩ ጥያቄ ተነሣ፦ ሰይፍና ጩቤ ተሠርተው አለቁ የሚባለው መቼ ነው? ዮሐናን በእሳት ሲግሉ ነው አለ። ሬሽ ላኪሽ ውኃ ውስጥ ሲነከሩ ነው ብሎ ተቃወመ። ያን ጊዜ ዮሐናን ያለፈውን የሽፍትነት ዘመኑን በጉባኤ መካከል አነሣበት። ተቀያየሙ፤ ሬሽ ላኪሽም ታሞ ሞተ።

ዮሐናን በሐዘን ሲጎዳ ኤልዓዛር ቤን ፔዳት የሚባል ሊቅ ላኩለት። ኤልዓዛር ዮሐናን በተናገረ ቁጥር የሚደግፈውን ማስረጃ ይጠቅስለት ጀመር። ሐዘኑ ግን ባሰ። ሬሽ ላኪሽ በአንድ ሐሳብ ላይ 24 መቃወሚያ ያነሣ ነበር፤ ዮሐናንም 24 መልስ ይሰጥ ነበር፤ ሕጉ ጠርቶ የሚወጣው ከዚያ ነበር። ልክ መሆኑን የሚነግረው ሰው አልጎደለውም፤ ያጣው ሞጋቹን ነው።

የአይሁድ ትምህርት ቤት ለክርክር ትልቅ ቦታ የሚሰጥበት ምክንያትም፣ ክርክር የሚያቆስልበት ቦታም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ።

የሺቫ በሚባለው የታልሙድ ትምህርት ቤት የጥናት አዳራሽ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚሰማው ጫጫታ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጥምረቱ ሐቭሩታ ይባላል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያስቆመዋል፤ ያልገባውን ይጠይቃል፣ የገባውንም ይፈትናል። የመጽሐፉ ገጽ ራሱ ሙግት ነው። ዳንኤል ቦምበርግ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1523 ቬኒስ ላይ ሙሉውን የባቢሎን ታልሙድ ሲያሳትም ዋናውን ቃል መሐል አድርጎ በአንድ ጎኑ የፈረንሳዊውን ሊቅ የራሺን ትርጓሜ፣ በሌላው ጎን ቶሳፎት የተባለውን ሐተታ አሰፈረ። ከቶሳፎት ቀደምት ሊቃውንት መካከል የራሺ የልጅ ልጆች ይገኛሉ። የልጅ ልጅ አያቱን በአንድ ገጽ ላይ ይሞግታል፤ ይህ እንደ ድፍረት አልተቆጠረም፤ ትውልድ ሁሉ እንዲያጠናው ታተመ እንጂ።

ታዲያ እንዲህ የሚሞግት ልጅ እምነቱ አይላላም? የወላጆች ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም የሁለቱ የጥንት ሊቃውንት የሒሌልና የሻማይ ቤቶች፣ ማለትም የተማሪዎቻቸው ወገኖች ታሪክ ሌላ መንገድ ያሳያል። ሁለቱ ወገኖች ሦስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ የሁለቱም ቃል ከእግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሕጉ ግን እንደ ሒሌል ቤት እንዲጸና ከሰማይ ድምፅ እንደመጣ ታልሙድ ይናገራል። ምክንያቱ የሒሌል ተማሪዎች ትሑታን መሆናቸውና የተቃዋሚያቸውን ትምህርት ጭምር፣ ያውም ከራሳቸው አስቀድመው፣ ማስተማራቸው ነበር። የተሸነፈውም ሐሳብ አልተጣለም፤ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ ሚሽና የጥቂቶችን አስተያየት ከብዙኃኑ ጎን መዝግቦ አቆይቷል።

በአንጻሩ ዳኞች ነጥብ በሚሰጡበት የውድድር ክርክር ተማሪው ወገኑን የሚይዘው አምኖበት ሳይሆን ተመድቦለት ነው። ይህም ጥቅም አለው፤ በሰው ፊት መቆምን፣ ማስረጃ ማደራጀትን፣ ሰዓት ማክበርን ያስተምራል። ዋንጫው ብቻ ግብ ከሆነ ግን ልጁ የባልደረባውን ድካም እየፈለገ ያድጋል፤ ዮሐናንም የተሰናከለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ አስተማሪ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ተማሪው መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ የተቃዋሚውን ሐሳብ ባለቤቱ “አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው” እስኪል ድረስ ይድገም።

የተቃዋሚን ሐሳብ አስቀድሞ የመድገም ልማድ እስራኤል ውስጥ ለቤተ እስራኤል፣ ማለትም ለኢትዮጵያ አይሁድ ልጆች የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የገቡት ቤተሰቦች በግእዝ የተጻፈ ኦሪትና የቄሶቻቸውን ትምህርት ይዘው መጡ፤ ታልሙድን ግን አያውቁም ነበር። ኦሪት በሰንበት ቀን በቤት እሳት እንዳይነድ ይከለክላል። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው ሌሊቱን በጨለማ ያሳልፉ፣ ምግባቸውንም ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር። የታልሙድ ተከታዮች ደግሞ ሰንበት ሳይገባ መብራት አብርተው እንዲበራ ይተዉታል።

በአንድ ሐቭሩታ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ይህን ጥያቄ ቢያነሡ፣ የራቢዎቹን ሥርዓት የሚከተለው ልጅ የቤተ እስራኤሉ ባልደረባው የጎንደር አያት እሳቷን ለምን እንዳጠፋች አስቀድሞ ያስረዳል። የእሷ የልጅ ልጅ ደግሞ መብራቱ ለምን እንደሚበራ ያስረዳል። ከዚያ ሙግታቸውን ይጀምራሉ።