ሦስት ቀን በመካ



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እዚሁ መርሳ መስጊድ በር ላይ አንድ ልጅ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ በኡምራ ቪዛ ሄጄ እዚያው ብቀር ወንጀል አለብኝ?» አለኝ። አጭር መልስ ሰጥቼው ተለያየን። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ሐብሩ ውስጥ ሳዑዲ ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው?

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለኡምራ ወጥተው ቁረይሾች ሑደይቢያ ላይ መለሷቸው። ስምምነቱ በዓመቱ ተመልሰው እንዲገቡ፣ የሚቆዩት ግን ሦስት ቀን ብቻ እንዲሆን ነበር። እንግዲህ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ቪዛ ነው። በ7ኛው ዓመት 2,000 ከሚሆኑ ሶሓቦች ጋር ገቡ። የት? የተወለዱበት፣ በግፍ የወጡበት፣ ካዕባ ያለበት ከተማ! ከእሳቸው በላይ መካ ላይ መብት ያለው ማን ነበር?

ሦስቱ ቀን ሲሞላ ሑወይጢብ ኢብን ዐብዱል ዑዛ ከቁረይሽ ሰዎች ጋር መጥቶ ጊዜያችሁ አልቋል፣ ውጡልን አለ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ነቢዩ ትንሽ እንዲጨምሩላቸው ጠየቁ፤ መይሙናን (ረ.ዐ) አግብተው ነበርና የሰርጉን ምግብ እዚያው አብረው እንዲበሉ ጋበዟቸው። ቁረይሾች እምቢ አሉ። ነቢዩም ወጡ፤ ሙሽራይቱ ከመካ ውጭ ሰሪፍ ላይ ደረሰችላቸው።

ይራዘምልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እሳቸውም ጠይቀዋል። ሲከለከሉ ግን አልተደበቁም። ውሉ ደግሞ ከማን ጋር እንደነበር አስቡ፤ ከቤታቸው ካባረሯቸው ሙሽሪኮች ጋር ነው። የሱረቱል ማኢዳ መክፈቻ ውልን ሙሉ ብሎ ያዘዘን ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ወንድሜ፣ በሐጅ መንገድ መነገድና ሪዝቅ መፈለግ አልተከለከለም። ጥያቄው የተቀበልከው ቪዛ ላይ ነው። የኡምራ ቪዛ ቆይታ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ከ30 ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፤ ሥራ ግን አያሠራም፣ ኢቃማም አይሆንም። ቤተሰብ የሚጠራበት የዚያራ ቪዛ የሚራዘምበት መንገድ አለው፤ ጠሪው ቀኑ ሳያልፍ በአብሸር ይጠይቃል። እንግዳው ሳይወጣ ቀርቶ ያላሳወቀ ጠሪ እስከ 50,000 ሪያል ሊቀጣና ሊታሰር ይችላል። አንተ ስትጠፋ የሚከፍለው የጠራህ ወንድምህ ነው። ይህ ደግሞ የአማና ጉዳይ ነው።

እዚያ ሆነው ቀናቸው ያለፈባቸውን ልጆቻችንን ግን አትስደቡ። ሠርተው ያመጡትን ሁሉ ሐራም ነው የምትሉም ተጠንቀቁ፤ ብዙ ዑለማዎች ውል የማፍረሱን ወንጀልና በሀላል ሥራ የተገኘውን ደሞዝ ለይተው ነው የሚያዩት። ቅጣቱን እዚሁ ዱንያ ላይ የቀመሱት ብዙ ናቸው። ወረቀት የሌለው ሰው አሠሪው ደሞዙን ቢበላበት የት ይከሳል? እናቱ ብትሞት ለጀናዛ እንዴት ይመጣል? በ2006 ዓ.ል. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ አብዛኞቹ ከለበሱት በቀር የያዙት አልነበረም። ያን ጊዜ ከመኪና ሲወርዱ ያየን ሰዎች አሁንም አለን።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ የ90 ቀን ምህረት ስታውጅ ያለ ቅጣት የመውጣት ዕድል ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ያመለጣቸው አሉ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ተርሒል እስኪደርስ አትጠብቁ። ሪያድ ኤምባሲው፣ ጅዳ ቆንስላው አለ፤ ፓስፖርት የሌለው ሊሴ ፓሴ መጠየቅ ይችላል።

ልጁ ስልኩን ሰጥቶኛል። ኡምራውን አድርጎ እንዲመለስ፣ ሥራ ከፈለገ ደግሞ በሥራ ቪዛ እንዲሄድ ልነግረው ዛሬ ከዐስር በኋላ እደውልለታለሁ። ዱዓ አድርጉለት።