ማሊያው የማን እንደነበር ጻፊ

ልጄ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነገር መሰብሰብ መጀመርሽን ሰማሁ። ማሊያ፣ ስካርፍ፣ የደጋፊ መታወቂያ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ እያስገባሽ ነው አሉኝ። እናትሽ ኮተት ትበለው፤ እኔ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የክለባችን ታሪክ በሰው አፍ ሞልቷል፣ በሰው እጅ ያለው ግን ጥቂት ነው። ሥራውን ከጀመርሽው አይቀር ደህና አድርገሽ እንድትሠሪው የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ዕቃውን ብቻ ከሰበሰብሽ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እጅሽ ላይ የሚቀረው ያረጀ ጨርቅና ያረጀ ወረቀት ነው። ማሊያውን ማን ለበሰው? በየትኛው ጨዋታ? ከማን እጅ ወደ አንቺ መጣ? መልሱን የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ካልጻፍሽው፣ በኋላ በገንዘብም አይገኝም።

እኔ ዘንድ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ስድስት ሰዎች ከኋላ ቆመዋል፣ አምስት ከፊት ተንበርክከዋል። ከተንበረከኩት የመሀለኛው ኳሷን በሁለት እጁ ይዟል፤ አፏ በጠፍር የሚታሰር የድሮዋ የቆዳ ኳስ ናት። በስተቀኝ ጫፍ የቆመው ልጅ አንዱ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወርዷል፣ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ካሜራውን ፊት ለፊት ያየዋል። ጀርባውን ስትገለብጪው በሰማያዊ እስክርቢቶ “ለመታሰቢያ” የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ለማን መታሰቢያ? መቼ? የት ሜዳ ላይ? ምንም የለም። ላገኘሁት የድሮ ደጋፊ ሁሉ አሳይቻለሁ። ሁለቱን የለየልኝ ሰው ተገኝቷል፤ የቀሩት ዘጠኙ እስከ ዛሬ ስም የላቸውም። በዚያ ወረቀት ላይ ያን ቀን አሥራ አንድ ስም መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ደብተር ግዢ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጪውና በዚያ ቁጥር ሥር ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ፣ ከማን፣ የትና መቼ እንዳገኘሽው፣ ስንት እንደከፈልሽ ጻፊ። የሰጠሽ ሰው የነገረሽን በራሱ አነጋገር አስፍሪው፤ እርግጠኛ ያልሆነበት ካለም “እንደሚመስለኝ” ማለቱን ሳትቆርጪ። ማሊያ ላይ በቀጥታ እንዳትጽፊ። ቁጥሩን በትንሽ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጽፈሽ በላላ ስፌት ከውስጥ አያይዢው፤ ነገ ሲፈለግ ሳይጎዳ ይፈታል። ፎቶ ከሆነ ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኚ። እርሳስ የማይዘው ልሙጥ ወረቀት ከሆነ ደግሞ በሌላ ወረቀት ጽፈሽ አብረሽ አስቀምጪው።

የቀን ነገር ብዙ ሰው ያሳስታልና እዚህ ላይ ረጋ በይ። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበት፣ የእኛው መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ጎል ያገባበት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለበት ቀን። ፈረንጆች ይህን ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ብለው ይጽፉታል። አንድ ሻጭ “የ1962 ፎቶ ነው” ቢልሽ የትኛው 1962? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የዋንጫው ድል ስምንት ዓመት አልፎታል፣ ሜዳ ላይ ያሉት ልጆችም ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተርሽ ላይ ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለሽ ለይተሽ ጻፊ፤ ብትችዪ ሁለቱንም። ሁለቱን ማመሳከር የለመደ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታችንን ያደረግነው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ዛምቢያ ላይ ጎሉን ያስቆጠረው አዳነ ግርማ፣ እሱም የጊዮርጊስ ልጅ ነው። ቀኑን ቁጠሪው፤ ጥር 13 ነበር። በአንድ ቀን፣ በ51 ዓመት ልዩነት፣ ሁለት የክለባችን ልጆች ለአገር አገቡ። የዚያን ዓመት ማሊያና የዚያን ዓመት ጋዜጣ ከመንግሥቱ ፎቶ አጠገብ ብታስቀምጪ አይበዛበትም።

ስምም እንደ ቀን ነው፣ ይለዋወጣል። ክለባችን በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ጣሊያን አገሩን እየወረረ ነበር። ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ያቋቋሙት ቡድን ብዙ ሳይቆይ በወረራው ዘመን “ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር” ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። በደርግ ጊዜም ክለቦች በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ስም እንዲደራጁ ሲደረግ የእኛው በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል። “ቅዱስ ጊዮርጊስ” የሚል ካላየሽ ወረቀቱን አልፈሽ የምትሄጂ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ቆራሌው በጆንያ ይዞት ይሄዳል።

ቆራሌውን ካነሳሁ አይቀር፣ ተወዳጂው። ሽማግሌ ሲሞት፣ ቤት ሲፈርስ፣ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው የወረቀት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑን የሚያነሳው ደግሞ እሱ ነው። የምትፈልጊውን ንገሪው፣ ስልክሽን ስጪው፣ ሲያመጣልሽም ከኪሎው ዋጋ በላይ ክፈዪው። ምናለሽ ተራም ሂጂ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቂ፤ በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ መሀል የገባ የስታዲየም ትኬት ብዙ ጊዜ ይገኛል። የድሮውን አዲስ ዘመን የስፖርት ገጽ ማየት ስትፈልጊ ቤተ መዛግብት ግቢ፣ እኛ ወመዘክር የምንለው ዘንድ። እዚያ ቀኑን ታረጋግጫለሽ፣ አሰላለፉን ትገለብጫለሽ። ከዚያ ምንም ቆርጠሽ እንዳትወጪ። ይህን ማለት ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ፣ ግን መሀሉ በምላጭ የተከፈተ ጋዜጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቆረጠው ሰው ክለቡን እወዳለሁ የሚል እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርሽ። የድሮ ተጫዋቾች በዘመናቸው የዛሬውን ዓይነት ደመወዝ አላዩም። ብዙዎቹ በችግር ነው ያረጁት። ቤታቸው ስትሄጂ ሜዳሊያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያለሽ፣ ወይም በመሀረብ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ይወጣል። ሜዳሊያ አትግዢ። ራሳቸው “ውሰጂው” ቢሉሽ እንኳ ያን ቀን እንዳትወስጂ። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ወይም መድኃኒት የጎደለው ሰው የሚለውን “እሺ” እሺ ብለሽ አትያዢው። ልጆቻቸው ባሉበት፣ ሌላ ቀን፣ ሰከን ብለው ይወስኑ። ፎቶ ብቻ ከፈለግሽ ተውሰሽ ሳይሆን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ በስልክሽ አንሺው። ኮፒውን አሳጥበሽ በፍሬም ውሰጂላቸው። ተውሶ የወሰደ ሰብሳቢ አልመለሰም የሚል ቅሬታ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲህ በራቸውን የዘጉ ባለታሪኮች አሉ። አንቺ የዘጉትን በር የምታስከፍቺ ሁኚ። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ፤ ስኳርና ቡና ያዢ፣ ጨዋታውን አታቻኩዪው፣ መጀመሪያ ስለ ጤናቸው ጠይቂ።

ስለ አያያዝ ብዙ አላስረዝምም። ላሚኔት አታድርጊ፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ለዘላለም ይበሉታል፣ መመለሻ የለውም። ስኮች አትለጥፊ፤ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ሲላቀቅ ጽሑፉን ይዞ ይወጣል። ጋዜጣ ከእንጨት ፍቅፋቂ የሚሠራ ወረቀት ስለሆነ ብርሃን ሲያገኘው ይወይባል፣ ይፈረፈራል። ዘርግተሽ፣ ሳታጥፊ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ አኑሪው፤ በፎቶ ቀድተሽም አስቀምጪ። ፌስታል ውስጥ ምንም አታሽጊ፣ በተለይ ክረምት ላይ፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ሻጋታ ይሆናል። ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርጊው። ማሊያ አይተኮስም፤ ቁጥሩና የስፖንሰሩ ጽሑፍ ይቀልጣል። ስታጥፊው እጥፋቱ በጽሑፉ ላይ አይለፍ፣ መሀሉ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አስገቢበት። ተጫዋች የለበሰው ከሆነ ጭቃውንም ቢሆን አትጠቢው። የዘመኑ ማሽን የሚያትመው ልሙጥ ትኬት ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ባገኘሽበት ቀን ፎቶ አንሺው።

ውድ ነገር አታሳድጂ። አዲስ ማሊያ በየዓመቱ ይወጣል፣ ሁሉንም ልግዛ ካልሽ ገንዘብሽ ያልቃል እንጂ ስብስብሽ አይከብርም። “ኦሪጂናል ነው፣ ተጫዋች የለበሰው ነው” ለሚልሽ ነጋዴ ጥያቄሽ አንድ ይሁን፤ ከማን አገኘኸው? ስም መጥራት ካልቻለ ዋጋው የተራ ማሊያ ዋጋ ነው። ይልቅ ሰው የናቀውን ያዢ። ካታንጋ፣ ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚሉትን የአዲስ አበባ ስታዲየም የመቀመጫ ስሞች የአንቺ እኩዮች ከወሬ ነው የሚያውቋቸው፤ አንድ ቀዳዳ ትኬት ያንን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. ክለባችን ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሲበቃ፣ ከኤስፔራንስ፣ ከሰንዳውንስና ከቪታ ክለብ ጋር ሲደለደል፣ የዚያን ጊዜ ትኬትና ባነር ዛሬም በርካሽ ይገኛል፣ ያየውም ሰው በዙሪያሽ ነው። ከዚያ ጀምሪ።

ወረቀት ሲባል የኳስ ሥዕል ያለበት ብቻ እንዳይመስልሽ። ይድነቃቸው ተሰማ ከክለቡ መመሥረት ጀምረው ከሃያ ዓመት በላይ በጊዮርጊስ ማሊያ ተጫውተዋል፤ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሚተወው ታሪክ በደብዳቤ፣ በቃለ ጉባኤ፣ በመታወቂያና በስብሰባ ፎቶ ላይ ነው ያለው። የደጋፊዎች ማኅበር የመዋጮ ደረሰኝ እንኳ ብታገኚ አትጣይው።

ድምፅም ሰብስቢ። የይድነቃቸው አባት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው በሸክላ ያስቀረጹት ዜማ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰማል። የሬዲዮ ዘጋቢዎቻችን ድምፅ ግን በየቤቱ በካሴት ተቀድቶ በየቤቱ እየጠፋ ነው። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስናነሳ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈውን ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው የለም። የክለብ ጨዋታ የተቀዳበት ካሴት ካጋጠመሽ፣ ጨዋታው የማን ከማን እንደሆነ ባይታወቅም ውሰጂው። ቴፕ ያለው ሰው ፈልገሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጪው፤ ክሩ ሳይላሸቅ።

ውጭ አገር ያሉትንም አትርሺ። በደርግ ዘመን የተሰደደ ደጋፊ ከቤቱ ይዞት የወጣው ጥቂት ፎቶ ነው፣ ከመሀላቸው የቡድን ፎቶ ያለባቸው አሉ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምቱ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ የድሮ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ይገናኛሉ። አጎትሽ በየዓመቱ ይሄዳል። የእኔን የአሥራ አንድ ሰዎች ፎቶ በስልኩ ልኬለታለሁ፤ አንቺም የማታውቂያቸውን ሰዎች ፎቶ ላኪለት፣ እየዞረ ያሳይልሽ።

ሌላው ነገር፣ ደብተሩን ለአንድ ሰው አሳውቂ። ስብስቡ ወዴት እንደሚሄድ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፊ፤ ለክለቡ፣ ለወመዘክር ወይም ለታመነ ሰው። ስታስረክቢም ዕቃውን ከደብተሩ ነጥለሽ እንዳትሰጪ፣ ፈርመሽ፣ አስፈርመሽ።

እስከዚያው ግን በእኛ ሰፈር የድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ የሠፈር ቡድኖችን ማሊያ ቁጥር በእጃቸው ይሰፉ ነበር። ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ የሚያስታውሱት ግን ብዙ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነው የሚመቻቸው። እኔ ቀጠሮ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ደብተርሽንና ሁለት እርሳስ ይዘሽ ነይ።