የእናት ኀዘን ለፅንሱ ይተርፋልን?

ሰው ስለ ደረሰበት መከራ ሲጠየቅ፥ ያየውንና የሰማውን ሊናገር ይችላል፤ ተናግሮም ይቀለዋል። በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወይም በተወለደበት ሰዓት የደረሰበትን ግን ሊናገር አይችልም። ለዚያ ዘመን ምስክሩ እናቱ ብቻ ናት፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች። እንግዲህ ከመወለድ በፊት የሚደርስ የመንፈስ ቁስል በእውነት አለን? ካለስ በምን ይድናል? ዕዳውስ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ለሐኪሞችና ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ዳሩ ግን ሕፃን አዝላ ወደ ገዳም ደጅ የምትመጣ ኀዘንተኛ እናት፥ በአፏ ባትናገረውም እንኳ፥ ይህንኑ ጥያቄ በልቧ ይዛ ትመጣለች።

በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከደማምና ከኾበር ከተሞች በስተ ደቡብ፥ ኒስፍ አልቀመር የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ትርጓሜው ግማሽ ጨረቃ ማለት ነው፤ የዳርቻው ቅርጽ ስሙን ሰጥቶታል። በዚያ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1938 ከደማም 7ኛው ጕድጓድ ነዳጅ ዘይት በብዛት ከወጣ ወዲህ አገሩ በለጸገ፤ ከሩቅ አገርም ብዙ ሠራተኛ ጠራ። በዕረፍት ቀን ባለጠጋው ቤተ ሰቡን ይዞ ወደዚህ ዳርቻ ሲወርድ፥ ሞግዚቶቹና የቤት ሠራተኞቹም አብረው ይወርዳሉ። ከወሎና ከጎጃም፥ ከሸዋና ከአርሲ፥ ከጅማም ወደ ዐረብ አገር የተሰደዱ ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች ኑሯቸው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ከነዚህ ሴቶች አንዲቱ ፀንሳለች ተብሎ ይታሰብ። የሌላውን ልጅ በባሕሩ ዳር እየጠበቀች የራስዋን ፅንስ በሰፊ ልብስ ትሰውራለች። ሌሊት ጥቂት ትተኛለች፤ ቀን ብዙ ትሠራለች። የጋብቻ ወረቀት ከሌላት ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ትፈራለች፤ ከወለደችም ልጅዋን ለማስመዝገብ ትቸገራለች። የልጁ መምጣት ለሌሎች እናቶች የምሥራች ሲሆን፥ ለእርስዋ የፍርሃት ምክንያት ይሆንባታል። ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ፥ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረዱት መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ነበሩ። በእኛ አገር ቋንቋ የሰው አገሩ እትብቱ የተቀበረበት ነው ይባላል። ለነዚያ ሕፃናት ግን እትብታቸው የተቀበረበት አገር አላወቃቸውም፤ የእናታቸውም አገር ገና አላያቸውም ነበር።

ፀንሳ በባዕድ አገር የተጨነቀች ገረድ በመጽሐፍ ያልታወቀች አይደለችም። ግብፃዊቱ አጋር፥ እመቤቷ ባስጨነቀቻት ጊዜ፥ ልጅዋን በማኅፀንዋ ይዛ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። የእግዚአብሔር መልአክ በውኃ ምንጭ አጠገብ አገኛት። ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት፤ ማን እንዳስፀነሳት ግን አልጠየቃትም። ወደ እመቤቷ እንድትመለስ የሰጣት ትእዛዝ ከባድ ነበረ፤ ነገር ግን ትእዛዙን ያለ ተስፋ አልሰጣትም። ገና ላልተወለደው ልጅ ስም አወጣለት፤ የስሙም ትርጓሜ እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው።

ፅንስ በማኅፀን ሆኖ የውጭውን ዓለም እንደሚቀበል የቀደሙት ሰዎች ሳይጠራጠሩ ያምኑ ነበር። የርብቃ ልጆች በሆዷ ሳሉ ተገፋፉ፤ ዮሐንስም የእመቤታችን ሰላምታ ወደ ኤልሳቤጥ ጆሮ በደረሰ ጊዜ በማኅፀን ዘለለ። የአገር ሽማግሌዎችም ነፍሰ ጡርን አታስደንግጡ፥ ያማራትንም አትከልክሏት ሲሉ ይመክራሉ። በመንገድ ያገኛት ሁሉ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብሎ ይመርቃታል፤ ፈታሔ ማኅፀን የተባለው ቅዱስ ሩፋኤልም ስለ እርስዋ ይለመናል። በዚህ ልማድ ውስጥ እናትና ፅንስ በአንድ ላይ ይታሰባሉ፤ ለአንዲቱ የተደረገው ቸርነት ለሁለት ይቈጠራል።

በአውሮፓ ደግሞ ይህ ነገር በሌላ መንገድ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1924 በቪየና ኦቶ ራንክ የተባለው የነፍስ ጠባይ ተመራማሪ፥ የሰው ፍርሃት ሁሉ ሥሩ ከእናት ማኅፀን በመለየት የሚደርሰው ድንጋጤ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። መምህሩ ዚግመንድ ፍሮይድ በመጀመሪያ አሳቡን በበጎ ተቀበለው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በጽሑፍ ተቃወመው። ከዚያ ወዲህ በሕንድ አገር የሚሲዮን ሐኪም የነበረው እንግሊዛዊው ፍራንክ ሌክ ነገሩን ወደ ኋላ አራቀው፤ የእናቲቱ ጭንቀት ከፅንሱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንሥቶ በልጁ ነፍስ እንደሚታተም አስተማረ። እርሱና እርሱን የመሰሉ ሰዎች፥ ሕመምተኛው በአተነፋፈስና በተመስጦ ወደ ተወለደበት ሰዓት እንዲመለስና ሕመሙን እንደ ገና እንዲቀምሰው በማድረግ ይፈወሳል አሉ።

እንዲህ ያለው ሕክምና ብዙ ተስፋ ሰጠ፤ ማስረጃው ግን ተስፋውን አላከለም። ነገርን በታሪክ መልክ የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል በልደት ጊዜ ገና አልበሰለም፤ ስለዚህ ሰው የልደቱን ሰዓት አስታወስሁ ሲል፥ የሚያየው ከሰማውና ካሰበው የተሠራ ሥዕል እንጂ የተጠበቀ ትዝታ አይደለም። ስሕተቱም ሁልጊዜ ያለ ጉዳት አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በኮሎራዶ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ፥ ለአሳዳጊ እናትዋ እንደ ገና ትወለዳለች ተብሎ፥ በአንሶላ ተጠቅልላ በትራስና በሰው ክብደት ተጫነች። መተንፈስ እንዳቃታት እየተናገረች ከአንድ ሰዓት በላይ ተይዛ ታፍና ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት የዚያ አገር ሕግ ይህን ዓይነት ሕክምና ከለከለ። ሊፈውሷት የፈለጉት ሰዎች፥ የማትናገረውን የሕፃንነትዋን ጩኸት ሲፈልጉ፥ በፊታቸው የምትጮኸውን ልጅ አልሰሙም።

ሆኖም ሕክምናው ስለ ተሳሳተ ቁስሉ የለም ማለት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ተመራማሪዎች፥ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ጨቅላዎች የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ አሳዩ፤ ጆሮ ከልደት አስቀድሞ ይማራልና። በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የክረምት ረኃብ የተፀነሱ ልጆች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተመርምረው፥ የልብና የአእምሮ ሕመም ከሌሎች ይልቅ በርከት ብሎ ተገኘባቸው። በኢትዮጵያም በቡታጅራ አካባቢ 1,065 ነፍሰ ጡሮች የተከታተሉበት ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በእርግዝናቸው ጊዜ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው ይበልጥ ይረዝም፥ ጡት ማጥባት ለመጀመርም ይበልጥ ይዘገዩ ነበር። ነገር ግን ያው ጥናት የሕፃናቱ የልደት ክብደት በእናቶቻቸው ጭንቀት ምክንያት ቀንሶ አላገኘውም። እንግዲህ ኀዘን ወደ ፅንሱ የሚደርስበት መንገድ አለው፤ መንገዱ ግን ሁሉን የሚያጠፋ ጎርፍ አይደለም። በሆላንድም በረኃቡ ከተፀነሱት ብዙዎቹ ሠርተውና ወልደው እንደ ማንኛውም ሰው ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ይህን ለእናት መንገር በቁስልዋ ላይ ቁስል መጨመር አይደለምን? በስደት የተጨነቀችው ሴት፥ ጭንቀትሽ ልጅሽን ጎድቶታል ብትባል፥ ከመከራዋ ሁሉ በላይ ሌላ መከራ አይሆንባትምን? ተቃውሞው እውነት አለበት። መልሱም ምክንያትንና በደልን ለይቶ በማየት ይገኛል። ዝናብ ሳይዘንብ ቀርቶ እህሉ ቢደርቅ፥ መሬቱ የድርቁ ማለፊያ ሆነ እንጂ በዳይ አልሆነም። እንዲሁም በእናት በኩል ያለፈው ፍርሃት የእናት በደል አይደለም። በዳይ ካለ፥ ደመወዝዋን የከለከላት፥ እንቅልፍዋን የነሣት፥ አስፀንሶ የካዳት፥ ወይም ለገንዘብ ብሎ በሐሰት ተስፋ ያሻገራት ደላላ ነው። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ወደ ኋላ ተመልሰው ጥፋተኛ ይፈልጉ የነበሩትን፥ ወደ ፊት ሊሠራ ወዳለው የእግዚአብሔር ሥራ እንዲመለከቱ አደረጋቸው።

ይህ ከሆነ የፈውሱ መንገድ የትኛው ነው? ሰው ወደ ማኅፀን ሊመለስ እንደማይችል ኒቆዲሞስ ራሱ አውቆ ጠይቋል። ያለፈው ቀን አይመለስም፤ በዚያ ቀን የጎደለው ነገር ግን ዛሬ ሊሰጥ ይችላል። የጎደለውም መቀበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ በቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ የተባለው ሐኪም፥ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰው፥ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ገላ ለገላ ማሳቀፍ ጀመረ። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፥ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት ሕፃናት መካከል በሕይወት የተረፉት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ከማኅፀን ያለ ጊዜው ለወጣ ልጅ የተገኘለት መድኃኒት፥ የእናቱ ሙቀት፥ የልቧ ትርታና ድምፅዋ ነው።

ነገር ግን እናት ልጅዋን ታቅፋ እንድትይዝ፥ እርስዋን ደግሞ የሚደግፋት ያስፈልጋል። በአገራችን ለአራስ ገንፎና አጥሚት ይሠራላታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል፤ ልጅዋ ወንድ ቢሆን እስከ 40 ቀን፥ ሴትም ብትሆን እስከ 80 ቀን፥ እስከ ክርስትናው ድረስ ትታረሳለች። ይህ ልማድ ሐኪሞች ዛሬ የእናትን አእምሮ ለመጠበቅ ከሚያዝዙት ብዙውን ይዟል፤ ዕረፍት አለበት፥ ምግብ አለበት፥ ከሰው ጋራ መሆን አለበት። በደማም ወይም በኾበር በጓዳ ውስጥ ወልዳ የተመለሰችው ሴት ያጣችው ይህን ነው። ስትመለስም እልልታው ቀርቶ ሹክሹክታ ከተቀበላት፥ ልጅዋም በስሙ በመጠራት ፈንታ ዲቃላ ከተባለ፥ ቁስሉ ከልደት በፊት የደረሰ ብቻ አይሆንም፤ በየቀኑ በጎረቤት አፍ እንደ ገና ይደርሳል። የመጀመሪያው ቁስል በባዕድ አገር ተደረገ፤ ሁለተኛው ግን እትብቷ በተቀበረበት አገር ይደረጋል፤ ለዚህም መልስ የሚሰጠው የገዛ ወገንዋ ነው።

ስለዚህ የተመላሽዋ እናት ዘግይታ እንኳ ብትታረስ መልካም ነው። ልጅዋ ወንድ ከሆነ 40 ቀኑ፥ ሴት ከሆነች 80 ቀኑ ቢያልፍም፥ ጥምቀትና የክርስትና ስም፥ የክርስትና እናት ወይም አባት አይጠፋለትም። እርስዋም እንቅልፍ ካጣች፥ ልጅዋን ለማየት ከጠላች ወይም ለመሞት ከተመኘች፥ ከጠበሉና ከጸሎቱ ጋራ ወደ አእምሮ ሐኪም መወሰድ ይገባታል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ልጁም አድጎ ስለ ልደቱ በጠየቀ ጊዜ ውሸት አይነገረው፤ እናቱ በጭንቅ መካከል እንደ ጠበቀችው፥ ተሸክማም ባሕር አሻግራ እንዳመጣችው በአቅሙ ልክ ይነገረው። በተመስጦ ተፈልጎ ከሚሠራ ትዝታ ይልቅ፥ በፍቅር የተነገረ እውነት ይፈውሰዋል።

በገዳም የሚኖሩ አባቶችና ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ተሳላሚዎችም እንዲህ ያለችውን እናት በማደሪያው ደጅ ሲያገኟት፥ የአጋርን መልአክ ሥርዐት ይከተሉ። መጀመሪያ ከየት እንደ መጣች ትጠየቅ፤ የሕፃኑ አባት ማን እንደ ሆነ ግን ራስዋ ካልተናገረች አትጠየቅ። ውኃ ይሰጣት፤ ማረፊያ ይዘጋጅላት፤ ሕፃኑም በስሙ ይጠራ።

አጋር ሁለት ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ወጣች። በመጀመሪያው ጊዜ ልጁ በማኅፀንዋ ነበረ፤ እግዚአብሔርም የእናቲቱን መከራ ሰማ። በሁለተኛው ጊዜ ከልጅዋ ጋራ ተባረረች፤ የአቍማዳው ውኃ ባለቀ ጊዜ ልጅዋን ከቍጥቋጦ በታች ጥላ፥ ሞቱን ላለማየት ርቃ ተቀምጣ አለቀሰች። በዚያን ጊዜ ተሰማ የተባለው ግን የልጁ ድምፅ ነው። የእናቱ ኀዘን በእርግጥ ከእርሱ ጋራ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ የእናቱ ኀዘን ብቻ አልነበረም። የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ለዚያም ድምፅ የራሱ ሰሚ ነበረው። ዐይኖችዋም ተከፍተው በአጠገብዋ ያለውን የውኃ ጕድጓድ አየች፤ ሄዳም አቍማዳውን ሞልታ ልጅዋን አጠጣችው።