ዝምታም ይነቅዛል

አሪቻ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም ሳትርቅ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ የምትገኝ የቡና ቀበሌ ናት። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ ሞልቷል፤ ባሕር ማዶ ያለው ቡና ጠጪ ግን ማሸጊያው ላይ ያነበዋል። ባለፈው የለቀማ ወቅት፣ በሰዓቱ ያልደረስኩበት ለቅሶ ስለነበረብኝ ወደዚያ ወርጄ ነበር። ማታ ከእንሰቱ ጥግ ካለችው ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ቡና ሲፈላ የእህቴ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዲላ በአካውንቲንግ ተመርቆ በአንድ የግል ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል። የት እንደሆነና የማን እንደሆነ አልናገርም። ገበሬው እሸቱን በኬሻ ተሸክሞ ይመጣል፤ ይመዘናል፤ ካርኒ ይቆረጥለታል፤ ልጁም መዝገብ ላይ ያሰፍራል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ መዝገቡ ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር የአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ለቀማ ናት። ታዲያ ቡናው ከተሸጠ በኋላ፣ የውጭው ገዢ "ይህቺ ለገበሬው ትድረስ" ብሎ የሚጨምራት ገንዘብ አለች። መድረሷን የሚያሳይ ሰነድም ይጠይቃል፤ ስም፣ ኪሎ፣ ብር፣ ፊርማ ወይም አሻራ።

"ዝርዝሩን ተሞልቶ አገኘሁት" አለኝ። "አሻራው ሁሉ የአንድ ሰው አውራ ጣት ነው የሚመስለው። ወረድ ስል ደግሞ የጎረቤታችንን ስም አየሁ። ዛሬ ለቅሷቸውን የደረሱላቸውን ሰውዬ! ከተቀበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብር ተቀብለዋል ይላል።"

"ባለቤቱ ምን አለህ?"

"'ያዘጋጀው' የሚለው ላይ ፈርም፣ ቀሪውን ለእኔ ተወው አሉኝ።"

እኔ ምን ብዬ መከርኩት? አንባቢዬ ሆይ፣ ሳልደብቅ ልናገር። "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። እናትህን የምትጦረው አንተ ነህ። ያንተ ሥራ መደመርና መቀነስ ነው፤ ኃጢአቱ የባለቤቱ ነው" አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ምክሬ የት ላይ እንደተበላሸ የገባኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለአፍ የተነገረ ነው። ዘበኛው ዝም ሊል ይችላል፤ ሾፌሩም ዝም ሊል ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛ ግን ከፈረመ ዝም አላለም፤ ተናግሯል። "ይህ ገንዘብ ለዚህ ሰው ተከፍሏል፣ እኔ ምስክር ነኝ" ብሏል። መዝገብ ማለት የምስክርነት ቃል ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት መቀመጡ ብቻ ነው። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ፣ ፊታቸው የቆመ ሰው ያላየውን አየሁ እንዲል ማንም አይመክረውም። እኔ የመከርኩት ግን ይህንኑ ነበር።

የዛሬው ወረቀት ደግሞ ከድሮው ይከብዳል። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ ሲገባ በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይቀላቀል ስለነበር፣ ገዢው የየትኛው ገበሬ ቡና እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ቡናን ከነምንጩ መሸጥ ተቻለ። መልካም ነው። ግን የገበሬው ስም ራሱ ዋጋ አወጣ ማለት ነው። ስሙ ተሽጦ ብሩ ካልደረሰው፣ ሌባው በሚዛን ሳይሆን በብዕር ሰርቆታል።

"ታዝዤ ነው" የሚለው መልስስ? አሜሪካ ውስጥ በሚሲሲፒ፣ ወርልድኮም በሚባል የቴሌኮም ኩባንያ ቤቲ ቪንሰን የምትባል ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። አለቆቿ ወጪን ደብቀሽ ጻፊ አሏት። ስህተት መሆኑን አውቃ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሳትሰጣቸው ቀረች። "ይህቺን አንድ ጊዜ ብቻ" ተብላ ጻፈች፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግማ ጻፈች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰረ፤ በኋላ ሲቆጠር የሐሰት ሒሳቡ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። እሷም እ.ኤ.አ. በ2005 የ5 ወር እስራት ተፈረደባት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤተሰብ ነበራት፤ ደመወዟ ያስፈልጋት ነበር። ልክ እንደኛው ልጅ።

መቼም ፍርሃቱን አቃልዬ አላየውም። በአገራችን የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል፤ እሱም ቢሆን የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ነው። በአንዲት ጣቢያ ለተቀጠረ ወጣት የነገ እንጀራውን አይጋግርለትም። ስለዚህ ልጁ ጀግና ይሁን፣ አገር ያድን አልልም። እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል የሚለውም እውነት ነው። ግን ሌላው ስለሚፈርም እኔ ልፈርም ካልን፣ "ቤቱ መሰረቁ ካልቀረ እኔ ልስረቀው" ማለታችን ነው። ክፋትን ሁሉ የማስቆም አቅም የለንም፤ የክፋቱ አውራ ጣት ካለመሆን ግን የሚከለክለን የለም።

ጠዋት ጠራሁትና "ትናንት ያልኩህን እርሳው" አልኩት። ፈገግ አለ። "እኔም ልፈርም አልነበረም፤ እርስዎ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ነው" አለኝ። ከዚያ በላይ ያፈርኩበት ጠዋት ትዝ አይለኝም።

የሆነውን በኋላ በስልክ ነገረኝ። ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰው። በሳምንቱ ከሥራ ወጣ፤ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ፈረመ። ሁለት ወር ሥራ ፈቶ ከርሞ አሁን የአንድ ሱቅ ሒሳብ ይይዛል፤ ደመወዙ ያነሰ ነው። ከመውጣቱ በፊት ግን ለሟች ባለቤት የሚያውቀውን ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም ባላቸው በሳጥን ያስቀመጡትን ካርኒ ይዘው ጣቢያው ደጃፍ ሄዱ። ባለቤቱ አንድም ቃል ሳይናገር ብሩን ቆጥሮ ሰጣቸው።

ለእሳቸው ብቻ። የቀሩት ገበሬዎች ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነው፤ በሁሉም አጠገብ ያው አንድ አውራ ጣት ታትሟል። "ጋሼ፣ አሁንስ ምን ላድርግ? ስማቸውን አውቀዋለሁ እኮ" አለኝ ልጁ። በዚህ ጊዜ ግን ዝም አይነቅዝም አላልኩትም። "ካርኒ ያስቀመጠ ካለ ፈልግ፤ እኔም እመጣለሁ" አልኩት።