በልጆቻችን ስም መበደር ይገባልን?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም

አንድ አባት ሱቅ ሊከፍት ገንዘብ ተበድሮ ሳይከፍል ቢሞት፣ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። ሱቁ እየሠራ ከሆነ ልጆቹ «አባታችን ዕዳውን ከነመክፈያው ትቶልናል» ብለው ዱዓ ያደርጉለታል። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነስ? የሚወርሱት ዕዳውን ብቻ ነው። ይህ የቤት ጉዳይ ይመስላል። መንግሥት ለሕዝብ መጓጓዣ ሲበደር ግን ጥያቄው ያው ነው፤ ልዩነቱ ልጆቹ መብዛታቸው ነው።

እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ል. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተከፈተው ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቀው መስመር ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው በጥቅምት ወር ተከተለ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበረ ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና መርካቶ የሚወጣው ነጋዴ እፎይ አሉ። ይህን መካድ ፍትሕ አይደለም።

ይሁን እንጂ ትኬቱ የሚሸጠው በብር፣ ብድሩ የሚከፈለው በዶላር ነው። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንድ ዶላር 21 ብር ያህል ነበር፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በዚህም የተነሣ ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቆሙበት ጊዜ ታይቷል። ባቡሩ ቢቆምም ዕዳው አልቆመም።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው ባልተወለደ ልጅ ስም ከቶ አንበደር» ይላሉ። የወለድ ብድር በሸሪዓ ያለው ፍርድ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። ስለ ዕዳው ብቻ ካየነው ግን ይህ አባባል ከልክ ያለፈ ነው። ነገ በሐዲዱ የሚሄደው ያው ልጅ ከሆነ፣ ከወጪው ድርሻ መክፈሉ በደል አይሆንም። በደል የሚሆነው ዕዳው ደርሶት አገልግሎቱ ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ስለዚህ ሚዛኑ አንድ ነው፦ በብድር የተሠራው ነገር ዕድሜው ከዕዳው ዕድሜ ማነስ የለበትም።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የዒራቅ ለም መሬት በእጃቸው ሲገባ፣ ለተዋጊዎቹ ይከፋፈል የሚሉ ሰሐቦች ነበሩ። እርሳቸው ግን «ኋላ ለሚመጡትስ ምን ይቀራል?» የሚለው አሳሰባቸው። ከሰሐቦች ጋር ከተመካከሩ በኋላ መሬቱ ሳይከፋፈል ግብር እየተከፈለበት ለመጪው ትውልድ ጭምር እንዲጠቅም አደረጉ። ገና ያልተወለደው በዚያ ሹራ ላይ ባይቀመጥም የሚከራከርለት አላጣም ማለት ነው።

ዛሬስ የሚከራከርለት ማን ነው? የውጭ ንግድ ባንክ ሲያበድር ብዙውን ጊዜ ሥራውን የአገሩ ተቋራጭ እንዲይዘው፣ ዕቃውም ከአገሩ እንዲመጣ ይፈልጋል። እንግዲህ ብድሩን የመረጠ ሰው ተቋራጩንና የነገውን መለዋወጫ ሻጭ አብሮ መርጧል ማለት ነው። ስለዚህ ምርቃቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው የሚመላለሰው በየት በኩል ነው? በዚያው ገንዘብ አውቶቡስ ቢገዛ ስንቱን ያደርስ ነበር? በአሥረኛው ዓመት የሚጠግነው ማን ነው? በምን ገንዘብ? በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የብድርን ውል መጻፍና ማስመስከርን የሚያዝዝ መሆኑን አንርሳ። ከፋዩ ሕዝብ ከሆነ ውሉን ሊያውቀው ይገባል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ በቀረበላቸው ጊዜ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ እንዳልሰገዱበት ተዘግቧል። አቡ ቀታዳ ወደውና አውቀው ተሸከሙ። ልጆቻችን ግን ሳይጠየቁ ነው የሚሸከሙት።

ወንድሞችና እህቶች! ይህ አማና በባለሥልጣን ትከሻ ላይ ብቻ የተጫነ አይደለም። ያለ ትኬት የሚሳፈር፣ የባቡሩን በር የሚሰብር፣ ገመዱን ቆርጦ የሚሸጥ ሁሉ የሚወስደው ከመንግሥት ሳይሆን ገና አፉን ካልፈታ ሕፃን ነው። ሕፃኑ ዛሬ አይከሰንም። በቂያማ ቀን ግን ሐቁን ይጠይቃል።

አላህ (ሱ.ወ) ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን፤ አማናን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።